ድራም ከመሸጣችሁ በፊት ፍቱት

ይህ ባህር ዳር ላይ ለሙዚቀኞችና ቤታቸው ውስጥ ያገለገለ ድራም ላላቸው ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ "ጻፍልን" ስላላችሁኝ እንዳወራሁት አድርጌ አስፍሬዋለሁ። በመሃል የተጠየቅኳቸውንም በየቦታቸው ከትቻቸዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

መጀመሪያ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ድራሜን የሸጥኩት ቸግሮኝ ነው። ዐቢይ ጾም ነበር። የምሽት ቤቶች ሙዚቃ አቁመዋል፣ ሥራ የለም፣ የቤት ኪራይ ደርሷል። አንድ ደላላ ሰው ይዞልኝ መጣ። ሰውዬው ድራሞቹን በደንብ እንኳ አላያቸውም። ሲምባሎቹን፣ እነዚያን የሚመቱትን ክብ ሰሃኖች፣ ግን አንድ በአንድ አነሳ፣ ገለበጠ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየ፣ በጥፍሩ ዳበሳቸው። ከዚያ "መጨረሻው ስንት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ሳይከራከር ቆጥሮ ሰጠኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሲምባሎቹን ለራሱ አስቀርቶ ባዶዎቹን ድራሞች ብቻ፣ እኔ ሁሉንም በሸጥኩለት ዋጋ፣ ለሌላ ሰው ሸጣቸው። ሲምባሎቹ በነጻ ሄዱ ማለት ነው። ሰውዬው አልሰረቀኝም። እሱ የያዝኩትን ያውቅ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለዚህች አንድ ነገር ነው። ድራም አንድ ዕቃ አይደለም።

"ድራም አለኝ፣ ስንት ያወጣል?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አይጠፋም። እኔም "ምን ምን አለው?" ብዬ እመልሳለሁ። በእግር የሚመታው ትልቁ ቤዝ ድራም፣ ትንንሾቹ ቶሞችና መሬት ላይ የሚቆመው ፍሎር ቶም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ስኔሩ፣ ከሥሩ ሽቦ ያለው ድራም፣ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። ሲምባሎቹን ብዙ ጊዜ የሚሠራቸው ሌላ ፋብሪካ ነው። ፔዳሉ፣ ስታንዶቹና ወንበሩ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አላቸው። እኛ ጋ ያለው ድራም አብዛኛው እንደሆነ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው። ሃይ ሃቱ (በፔዳል የሚጋጨው ጥንድ ሲምባል) ተሰንጥቆ ከጎንደር ሌላ መጣለት፣ ስኔሩ ከአዲስ አበባ ተላከ፣ ፔዳሉ ከአንድ ሆቴል ተገዛ። እንዲህ ያለውን በጥቅል ዋጋ ስትጠሩለት፣ የሚያውቅ ገዢ ዋናውን ዕቃ ዓይቶ ቀሪውን በምርቃት ይወስደዋል።

ፍቱት። ቡሎኖቹን የሚፈታውን የድራም ቁልፍ ያዙ፣ ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ለየአንዳንዱ ድራም ቡሎን የሚሆን ትንሽ ፌስታል አዘጋጁ። የላይኛውን ቆዳ አውልቁ። ፕላስቲክ ሆኖ ሳለ ዛሬም ቆዳ እንለዋለን፤ እነ ሬሞና ኢቫንስ የተባሉ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ፕላስቲኩን ገበያ ላይ እስኪያወጡት ድረስ የድራም ቆዳ የእውነት የጥጃ ቆዳ ነበር። ከበሮ የሚሠራ ሰውም ቢሆን መጀመሪያ የሚያየው ግንዱን ነው። ቆዳ ይለወጣል፣ ጠፍር ይታሰራል፣ የተሰነጠቀ ግንድ ግን አይመለስም። ድራምም እንዲሁ ነው። ውጪው ያብረቀርቅ ይሆናል፤ ዋጋው ያለው ቀፎው (ግንዱ) ውስጥ ነው።

ውስጡን በባትሪ እዩት። የወረቀት መለያ ወይም ማህተም አለ? እንጨቱ ስንት ንብርብር ነው? ጠርዙ ላይ ከላይ ስታዩት ንብርብሮቹ ይቆጠራሉ። በደህና ድራሞች ላይ በብዛት የምታገኙት ሜፕል፣ በርች ወይም ማሆጋኒ ነው። ርካሾቹ ፖፕላር ወይም ባስውድ ይሆናሉ። ፖፕላር ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ደህና ድምፅ የሚሰጥ አለ፣ ዋጋው ግን አይገናኝም።

ስለ ስም እናውራ። ድሮ የተሠራ ከሆነ እነ ሶኖርን (ከጀርመን፣ እ.ኤ.አ. 1875)፣ ግሬችን (ከብሩክሊን፣ 1883)፣ ሉድዊግን (ከቺካጎ፣ 1909) ወይም ፕሪሚየርን (ከእንግሊዝ፣ 1922) ልታገኙ ትችላላችሁ። እኔ እጅ ላይ በብዛት የገቡት ግን የጃፓኖቹ ስሞች ናቸው፤ ፐርል፣ ያማሃ፣ ታማ። ፐርል ኤክስፖርት እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ በዓለም በጣም ብዙ ከተሸጡት አንዱ ነው። ብርቅ አይደለም። ኤክስፖርት ያለው ሰው "የድሮ ነው፣ ቅርስ ነው" ብሎ ዋጋ መስቀል የለበትም፣ ግን ጤነኛ ከሆነ ሁልጊዜ ገዢ አለው። ያማሃ ስቴጅ ከስተም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስሙ አንድ ሆኖ እንጨቱ ተለውጧል። የቀድሞዎቹ ድብልቅ እንጨት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 አካባቢ ወዲህ የመጡት ሙሉ በርች ናቸው። ሁለት ድራሞች አንድ ስም ይዘው ዋጋቸው ሊለያይ ይችላል። ውስጡን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ "ባጁ (የስም ሰሌዳው) ላይ ስሙ ካለ አይበቃም ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። አይበቃም። ባጅ ይነቀላል፣ ሌላ ድራም ላይም ይለጠፋል። አብዛኛው ድራም ጎኑ ላይ አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ብዙ ጊዜ ባጁ የሚታሰረው በዚያው ቀዳዳ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ተጎርጉሮ፣ ተጣሞ ወይም በማስቲሽ ተጣብቆ ካያችሁት ጠርጥሩ። የሁሉም ድራሞች ባጅ አንድ ዓይነት መሆኑንም እዩ። መለያ ቁጥር ካለው ደግሞ የየድራሙ ቁጥር ተከታታይ ስላልሆነ አትደንግጡ። ሉድዊግ ለምሳሌ ቁጥሩን በተርታ ለአንድ ስብስብ አልሰጠም። የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ቁጥራቸው ሊራራቅ ይችላል። ቁጥሩ ዘመኑን በግምት ይነግራችኋል እንጂ የልደት ወረቀት አይደለም።

የድሮ ፕሪሚየር ያላችሁ እንደሆነ አንድ ነገር ለኩ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት መጠናቸው ከዛሬው ደረጃ ትንሽ ይለያል። 12 ኢንች የተባለ የዛሬ ቆዳ አልገባም ይላችኋል። ይህን ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በኋላ የሚመጣ ጭቅጭቅ ነው።

አሁን ጤንነቱን እንይ። ይህችን ሙከራ በጣም እወዳታለሁ። የመስታወት ጠረጴዛ ፈልጉ። ማታ ይሁን፣ መብራቱን አጥፉ። ሁለቱም ቆዳ የወለቀለትን ቶም በአፉ መስታወቱ ላይ ድፉት፣ የስልካችሁን ባትሪ ከላይ ወደ ውስጥ አብሩት፣ ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ጠርዙና መስታወቱ የሚገናኙበትን ዙሪያውን ተከተሉ። ጠርዙ ጤነኛ ከሆነ ጨለማ ነው፣ ወይም ክር የምታክል እኩል መስመር ነው። የሆነ ቦታ ላይ ብርሃን ሾልኮ ከወጣ ግን እዚያ ጋ ጠርዙ ተበልቷል ወይም ተጣሟል። ያ ድራም ምን ብታጠብቁት አይቃኝም፤ አንድ በኩል ሲስተካከል ሌላው በኩል ይጮኻል። ከዚያ በሜትር አፉን በሦስትና በአራት አቅጣጫ ለኩ። በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተለያየ ክብነቱን አጥቷል። እኛ ጋ ይህ የሚመጣው በአያያዝ ነው። ፍሎር ቶሙ ላይ አምፕ ይጫናል፣ ክረምቱን ሙሉ ስቶር ውስጥ ተጨፍልቆ ይከርማል።

ተጨማሪ ቀዳዳም ቁጠሩ። አንድ ሰው ሌላ ማቀፊያ ሊገጥም በድሪል በስቶታል? በተራ ድራም ላይ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፣ በድሮ ሉድዊግ ወይም ግሬች ላይ ግን እያንዳንዱ አዲስ ቀዳዳ ዋጋ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ስኔሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር፣ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ፖሊ ካምፓስ ይማራል። "አባቴ ትቶት የሄደውን ድራም እይልን፣ ልንሸጠው ነው" አለኝ። ሄድኩ። ድራሙ ማድ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል ውስጥ በጆንያ ተሸፍኖ ቆሟል። ቤዙና ቶሞቹ ተራ ናቸው፣ ስም የላቸውም፣ ውጪያቸውን የሸፈነው የፕላስቲክ መጠቅለያ ተላቋል። ስኔሩ መሬት ላይ ነው። ክሮሙ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ ቦታ ቦታ ተልጧል። እሳቸውም "ይቺስ ዝጋለች ልጄ፣ ቆራሌው ሲመጣ ልሰጠው ነበር" አሉኝ።

ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ ማግኔት አለ፣ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁት። አስጠጋሁት። አልያዘም። እንደገና ሌላ ቦታ አስጠጋሁት። አልያዘም። ብረት ቢሆን ጥብቅ ይል ነበር። "እትዬ፣ ይሄ ዝገት አይደለም፣ አሉሚኒየም አይዝግም" አልኳቸው። ክሮም አሉሚኒየም ላይ በደንብ አይይዝም፣ በዕድሜ ብዛት እንዲህ ይነቀላል። ባጁን በጨርቅ ጠረግኩት። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ፣ የሉድዊግ የድሮ ባጅ። መካከሉ ላይ ዙሪያውን የወጣ ሸንተረር። አሥር ማጥበቂያ። 14 በ5 ኢንች። ሱፕራፎኒክ ነው። ብዙ ድራመሮች በዓለም በጣም ብዙ ሙዚቃ የተቀረጸበት ስኔር ይሉታል። በመጨረሻ ያ ለቆራሌው ሊሰጥ የነበረ ስኔር ብቻውን ከቀሪው ድራም ሁሉ የበለጠ አወጣ። የገዛው ድራመር ነጠብጣቡን አይቶ ቅር አላለውም፤ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ማግኔት ያዙ የምላችሁ ለዚህ ነው። ማግኔት የያዘ ብረት ነው፣ ክሮም ተቀብቶ በብዛት የሚሠራ ተራ ስኔር ሊሆን ይችላል። ያልያዘ በአብዛኛው አሉሚኒየም፣ ናስ ወይም ነሐስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ክብደቱና ባጁ ይለዩታል። ሙከራውን ቀፎው ላይ አድርጉት እንጂ ቆዳውን የሚይዘው ክፈፍ ላይ አይደለም፣ ክፈፉ ብዙ ጊዜ ብረት ስለሆነ ያሳስታችኋል። ከሥር ያለውን ሽቦም እዩት፤ ሽቦውን ቆዳው ላይ የሚያስጠጋውና የሚያርቀው ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራል ወይ፣ ሽቦው ተጎትቷል ወይ። ሽቦ ይለወጣል፣ ዋጋው ቀላል ነው። የድሮ ስኔር ማብሪያ ማጥፊያው ኦሪጅናሉ ከሆነ ግን አትለውጡት።

ሲምባል። እኔ የተበላሁበት ስለሆነ አትቸኩሉ።

ሲምባል ከምን ተሠራ ነው ጥያቄው። ውዶቹ በአብዛኛው 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቆርቆሮ ናቸው፤ መካከለኛዎቹ 8 በመቶ ቆርቆሮ ያለው ነሐስ ናቸው፤ ከርካሽ ድራም ጋር በካርቶን የሚመጡት ደግሞ ናስ ናቸው። ናሱ ሲመታ እንደ ድስት ክዳን ነው የሚጮኸው፣ ቶሎም ይሞታል። ስሞቹን ታውቃላችሁ፤ ዚልጂያን፣ ሳቢያን፣ ፓይስቴ፣ ማይንል። ዚልጂያን እ.ኤ.አ. በ1623 ኢስታንቡል ላይ የተነሳ የአርመን ቤተሰብ ነው፣ በ1929 አሜሪካ ገባ፣ ሳቢያን ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ ተከፍሎ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካናዳ ላይ ተመሠረተ። እኛም ጋ እኮ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት "አርባ ልጆች" የተባሉት ሙዚቀኞች አርመኖች ነበሩ፤ የዘመናዊ ሙዚቃችን ጅማሬ ላይ እጃቸው አለበት። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

በቀለም የተጻፈው ስም ይጠፋል። የተመታው ማህተም ግን አይጠፋም። ሲምባሉን ወደ መስኮት አዘንብሉት፣ ብርሃኑ በጎን ይምታው፣ ጥላ የመሰለ ጽሑፍ ፈልጉ፣ ካጣችሁት በጥፍራችሁ ዳብሱት። ያ ሰውዬ እኔ ቤት መስኮት ላይ ሲፈልግ የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚያ መዝኑት። የሚያውቅ ገዢ የሲምባል ክብደት በግራም ይጠይቃችኋል፣ ቀጭን ወይም ከባድ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔ ገበያ ውስጥ ቅቤ ከሚሸጡ አንዲት እናት ዲጂታል ሚዛን ላይ ነው የማስመዝነው። 20 ኢንች ራይድ (ትልቁ ሲምባል) አንዳንዴ ከ2 ኪሎ በላይ ይወጣል። ቁጥሩን በማርከር ማስክ ቴፕ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት።

ስንጥቅ ፈልጉ። ጠርዙን በጥፍር ዙሩት፣ ጥፍራችሁን የሚይዝ ነገር ካለ አጉልታችሁ እዩ። መሃል ቀዳዳውን እዩ፣ ክብ ነው ወይስ ተበልቶ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ረዝሟል? ይህ የሚሆነው ስታንዱ ላይ የላስቲክ ቱቦ ሳይኖር ሲመታ ነው። የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ቆርጣችሁ ብትሰኩበት እንኳ ያድነዋል። ከዚያ ጣታችሁን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ አንጠልጥሉትና ቀስ ብላችሁ ምቱት። ድምፁ ሳይቆራረጥ ረጅም ከሄደ ጤነኛ ነው። ዝዝዝ ካለ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል። ስንጥቅ ካለ ደግሞ ለገዢው እናንተው ቀድማችሁ አሳዩት። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ድራመሩ ሁሉ ይተዋወቃል።

ስለ ጽዳት ተጠይቄያለሁ። እባካችሁ፣ ሲምባል በሎሚና በአመድ አትሹ። ያብለጨልጫል፣ ግን ጽሑፉ ይሄዳል፣ በዓመታት የመጣው ጠቆር ያለ መልክም ይሄዳል፤ ያንን መልክ የሚፈልግ ገዢ አለ። ለብ ያለ ውሃና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የጣና እርጥበት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ክሮሙን ይበላዋል፣ ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ውስጥ የከረመ ድራም ቡሎኑ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ነው የምናገኘው። ለክሮም ክፈፍ የምግብ ፎይል ጨምድዱ፣ ውሃ ንከሩት፣ ቀስ ብላችሁ አሹት፣ የላይ ላዩ ዝገት ይለቃል። ቡሎኖቹን ጠርጋችሁ ትንሽ ዘይት ቀቧቸው። ድራሙን ግን "ይድረቅ" ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ መጠቅለያው ይላቀቃል። ጋራዥ ወስዳችሁ የመኪና ቀለምም አታስረጩት። አንድ ወዳጄ አሮጌ ሶኖር "ላሳምረው" ብሎ ጥቁር አስረጨው። ከዚያ በኋላ ኦሪጅናል ቀለሙን ብሎ የሚመጣ ገዢ ሁሉ አይቶ ይመለሳል።

ፔዳልና ስታንድ ላይ ብዙ አልቆይም። ክሩ ይጠብቃል ወይ፣ እግሩ ተበይዷል ወይ፣ ሰንሰለቱ ይዞራል ወይ፣ ይህን እዩ።

እሺ፣ ዋጋው። ብር ላይ ቁጥር እንድጠራላችሁ ፈልጋችሁ ነበር፣ አልጠራም፣ ምክንያቱም ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ከሦስት ዓመት በፊት "ጎረቤቴ በዚህ ሸጠ" የምትሉት ዛሬ አይሠራም። አሠራሩን ግን ልስጣችሁ። ያው ዓይነት አዲስ ዕቃ ዛሬ አዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ ደውላችሁ ጠይቁ። ጤነኛ ለሆነ ተራ ዕቃ እኔ ከዚያ ግማሽ አካባቢ እጀምራለሁ። ከዚያ ገዢው ገና የሚያወጣውን ቀንሱ። ቆዳዎቹ ካለቁ የሙሉ ቆዳ ዋጋ ቀንሱ፣ እኛ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስለምናስመጣው መላኪያውንም ጨምሩበት። ለድሮና ለስም ዕቃ ደግሞ ግማሹን እርሱት፣ እንደ ሪቨርብና ኢቤይ ያሉት የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ፈልጉ። ግን ሻጮች የጠየቁትን አትዩ፣ የተሸጠበትን እዩ። መጠየቅማ ማንም የፈለገውን ይጠይቃል። ከዚያ ወደ እኛ ገበያ መልሱት፤ ባህር ዳር ላይ ሱፕራፎኒክ የሚፈልግ አንድ ሰው ሊኖር ይችላል፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ አሉ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል።

ጊዜውንም ምረጡ። እኔ የሸጥኩት በጾም ነው ብያችኋለሁ። በጾም ሙዚቀኛ ሁሉ ሥራ ፈቶ ዕቃውን ያወጣል፣ ገዢ የለም። ታኅሣሥ ላይ ግን የጥር ሰርግ እየቀረበ ስለሆነ ባንዶች ዕቃ ይፈልጋሉ። ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ቸርቾችና የሙዚቃ ማሠልጠኛዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይገዛሉ፣ ሙሉ ስብስብ ነው የሚፈልጉት። መታገስ ከቻላችሁ ታገሱ። ካልቻላችሁም ስኔሩንና ሲምባሎቹን አስቀሩና ቀሪውን ብቻ ሽጡ።

አንዲት ልጅ "ነጣጥዬ ልሽጥ ወይስ አንድ ላይ?" አለችኝ። ተራ ከሆነ አንድ ላይ። ለጀማሪ ሁሉ ነገር የተሟላለት ድራም ይቀለዋል፣ እናንተም ብቻውን የማይሸጥ ስታንድ ታቅፋችሁ አትቀሩም። ከመካከሉ ስም ያለው ነገር ካለ ግን ያንን ለይታችሁ አውጡና በቦታው ተራ ስኔር ተኩ።

ገዢው ሲመጣ ገጣጥማችሁ ጠብቁት፣ ራሱ ቁጭ ብሎ ይምታው። የለካችሁትን ወረቀት አሳዩት። ቀብድ ከተቀበላችሁ ለምን ያህል ቀን እንደሆነ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ለሌላ አታሳዩ። የደላላው ኮሚሽን ከማን እንደሚወጣ ዋጋ ሳይቆረጥ በፊት ይነገር። ሲረከብ አብራችሁ ቁጠሩ፣ እግር፣ ቡሎን፣ ክላች (የሃይ ሃቱ መያዣ)፣ የሲምባል ፌልት። ሁለት ባጃጅ ጥሩ፣ ቤዝ ድራሙ ብቻውን አንዱን ይሞላዋል። የድራም ቁልፉንም አትርሱ፣ ስጡት፤ እዚህ ከተማ ውስጥ እሱን ፈልጎ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ይዞራል።